ክላሽ የሚያስተኛው ማሽን

ግባ፣ ግባ ወልደጻድቅ! ዝናቡ አላገኘህም? ዘንድሮ ከምሥራቅ አዲስ ከተማ ድረስ በባጃጅ መምጣትም ጀግንነት ሆኗል… ወንበሩን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ። ገበያው ቀዝቅዟል፤ እንጫወት።

እሑድ ለልጄ ለብርቅዬዬ ሽማግሌ ሆነህ እንደምትመጣ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። የላከህ ልጅ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ አንተም አትንገረኝ። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እኔ የማጫውትህ ስለ ሌላ ልጅ ነው…

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፤ ሊቅ ነው! ይኸው ሦስት ዓመት አንድ ፊልም እየጻፈ ነው። ፊልሙ ውስጥ የዓለምን ጠመንጃ ሁሉ የሚያስተኛ ማሽን አለ። «ጋሼ፣ ፈጠራ ቢሆንም ተመልካቹ ይሆናል ብሎ ማመን አለበት» ይለኛል። እውነቱን ነው! ስለዚህ እኔን ያማክራል። የባጃጅ መለዋወጫ ከሚሸጥ ሰው በላይ ጦርነት የሚያውቅ ማን አለ?

መጀመሪያ ማሽኑ ከሰማይ ጨረር እየለቀቀ ባሩዱን እሳት ይነሳው ነበር። «የባጃጁስ ካንዴላ? እሱም በእሳት አይደል የሚሠራው?» አልኩት። ለካ ጀግናው የሚጓዘው በባጃጅ ኖሯል! ልጁ አዘነ፤ ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ አሰበበት። ማሰብ አያደክምም እንዴ?

ቀጥሎ ማግኔት ሆነ፤ ቃታውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ። «የሱቄንስ በር?» አልኩት… ተመልሶ ተኛ። አሰበ ማለቴ ነው።

አሁን ግን ደረሰበት! ማሽኗ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ክላሹ ላይ በእጅ ስትለጠፍ፣ ክላሹ እንቅልፍ ይወስደዋል። «ተኳሹ ዘንድ ማን ደርሶ ይለጥፋታል?» አልኩት። «ሽማግሌዎች ናቸዋ፣ ጋሼ! እንደ ጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ይንበረከካሉ፤ ተኳሹ አፍሮ ክላሹን መሬት ያስቀምጣል፤ ያኔ ይለጥፉበታል» አለኝ።

ካስቀመጠው በኋላ ማሽኗ ምን ትሠራለች ብዬ አልጠየቅሁም። ጨዋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል? እኔን የገረመኝ ብልሃቱ ነው… ለሚከብደው ነገር ሁሉ ሽማግሌ መላክ የሚያውቅ ልጅ!

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የሱ እንቁላል ደግሞ አስተዋይ ነው፤ መንገዱ በደንብ እስኪጠና ብሎ ቁጭ ብሏል…

ሥራ? ይኼ ሥራ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ሚስት ካገባ ምን ጎደለው? ብርቅዬዬ… ይቅርታ፣ አንዲት ልጅ ማለቴ ነው… በማለዳ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ ስትሮጥ እሱ ቤት ይጠብቃል። ዘበኛ መቅጠር አያሻት! ማታ ደክሟት ስትገባ የዓለም ሰላም እንዴት እንደዋለ ይነግራታል። ከአንድ ልጅ በቀር ለሌለው አባት ከዚህ የበለጠ ምን እረፍት አለ?

ተነሳህ እንዴ? ሻዩ እኮ ገና አልመጣም! በል እሑድ ኑ፤ ቤቱ የናንተው ነው… ሳልመርቅህ ግን አልሸኝህም። ለሰው ልጅ ትዳር እንዲህ የደከመን ሰው፣ የራሱን ልጅ ጌታ አይረሳበትም። ሳምሪህ ለወግ ለማዕረግ ደርሳለች አይደል? እንግዲህ ጌታ ልክ እንደዚያ ልጅ ያለ ባል ይስጣት! ረጋ ያለ፣ ሩቅ አሳቢ፣ ከቤት የማይጠፋ… ከአንተው ቤት የማይጠፋ!

አሜን በል እንጂ፣ ወልደጻድቅ!