በጃንጥላና በዶሮ የተጻፈው የበር መዝገብ

ክቡር ዲን፣ መምህራን፣ የካፌ ሠራተኞች፣ ከኋላ ቆማችሁ ኬኩን በዓይናችሁ የጨረሳችሁት ተማሪዎች፣ እንዲሁም ዛሬ በጡረታ የምንሸኝሽ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ፣ አንቺ እህቴ፣

መጀመሪያ ይህን ልበል። ይህን ወረቀት የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው፤ ከየነገሩ አንድ ሁለት ቃል ብቻ፣ ሌላውን በአፌ እሞላዋለሁ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ቀስ እያልኩ ባነብ ማንም እንዳይስቅ። አንቺ ግን ብትስቂ መብትሽ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነው ያለሁት።

የመጣሽበትን ቀን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቢያውቀውም እደግመዋለሁ፤ በሩ የኔ ነውና። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ጠዋት፣ ዝናብ እያካፋ፣ አንዲት ሴት ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«መታወቂያ» አልኩሽ።

«የለኝም። ሥራ የምጀምረው ዛሬ ነው።»

«መታወቂያ የሌለው አይገባም።»

«ኧረ ጋሼ! መታወቂያ የምትሰጠው ኃላፊ እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ለራስሽ ስጪና ነይ።»

አርባ ደቂቃ ዝናብ ላይ አቆምኩሽ። ያኔ የነበሩት ዲን ሮጠው መጥተው ይዘውሽ ገቡ፤ እኔንም በዓይናቸው ገረፉኝ። ነገሩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። አላለቀም። ከምሳ በፊት ከውስጥ ወጣሽ፣ በሩን አልፈሽ መንገዱ ላይ ቆምሽ፣ ዞርሽና ቀለሙ ያልደረቀ መታወቂያ አፍንጫዬ ሥር ደቀንሽ። «አሁንስ ልግባ?»

ገልብጬ አየሁት። «ፎቶው አንቺን አይመስልም» አልኩና አስገባሁሽ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ዛሬ አንዲት ድርቅ ያለች ሴት መጣችብን» አልኳት። «ተመስገን፤ እኩያህን አገኘህ» አለችኝ።

እማማ ፎርም ብለው ስም ያወጡልሽ ተማሪዎች ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። ቁልፍ የጠፋበት ፎርም ይሞላል፣ አልጋው የተሰበረበት ፎርም ይሞላል፣ የዶርም ጓደኛው የሚያንኮራፋበትም ፎርም ይሞላል። ፎርም ለመጠየቅ የሚሞላ ፎርም አላት ሲሉ፣ ሐሜት ነው እያልኩ ስከራከርልሽ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት በዓይኔ አየሁት። አለ።

እኔ ራሴ በዕድሜ እየበለጥኩሽ እስካሁን ጡረታ ሳልወጣ በሩ ላይ ያለሁት በፎርም ነው፤ የልደት ቀን የሚለውን ባዶ ብተወው እስከ ዛሬ የሚሞላው ጠፋ።

አንድ ጊዜ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሻንጣዋን እየጎተተች፣ «ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ እናቴ ጋ ልሂድ» እያለች እያለቀሰች ቢሮሽ ገባች። እኔ ሻንጣውን ተሸክሜላት ስለነበር አይቻለሁ። አላባበልሻትም። «እሺ ልጄ፤ የመልቀቂያ ፎርም ሙዪ» ብለሽ አራት ገጽ ሰጠሻት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ዛሬ ምሳ በልተሻል?» ይላል። «አልበላሁም» ብላ ጻፈች። ፎርሙን ቀምተሽ ወደ ካፌ ወሰድሻት። አራተኛው ገጽ እስከ ዛሬ አልተሞላም። ልጅቷ ያችውና፣ የክሊኒካችን ነርስ፣ መስኮቱ ጋ ቆማለች። አንቺ ልጅ ደግሞ አታልቅሺ፤ ፎርም ታስሞላሻለች!

እንግዲህ ወደ ማክሰኞ ልምጣ።

በበራችን የሚወጣና የሚገባ ሁሉ፣ ተማሪም ሠራተኛም፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሲወጣ ሰዓት፣ ሲመለስ ሰዓት። የወጣው ሁሉ ካልተመለሰ ገጹን አልዘጋም፤ ይህ የኔ ሕግ ነው። ቁጥር አውቃለሁ። ፊደልም ዓይኔ ቀስ ብሎ ያነባል። እንቢ ያለው እጄ ነው። ሠላሳ ልጅ ተሰልፎ እየጠበቀ የአንዱን ስም ጽፌ እስክጨርስ ትምህርቱ ያልቃል። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ጃንጥላ ከእጇ የማይለየዋ ልጅ ጃንጥላ ናት። ባለ መነጽሩ ሁለት ክብ ነው። ሲስቅ ግቢውን የሚያናውጠው የተከፈተ አፍ። ጠብ የሚወደው የሕግ ተማሪ ዶሮ። የተመረቀውን ምልክት ለአዲስ ገቢ እያወረስኩ፣ በዚህ ዘዴ በየዓመቱ ሦስት መቶ ልጅ ስመዘግብ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ኩራቴም ይኸው ነበር።

አንቺ በየጠዋቱ ሻይሽን ይዘሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። የትናንቱን ገጽ ትገልጫለሽ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጃንጥላ ማን ናት?»

«የፋርማሲዋ፣ ሁለተኛ ዓመት፤ አባቷ ሾፌር ነው።»

«ይሄ ዶሮስ?»

«የሕጉ ልጅ ነዋ! ትናንትም ከላይብረሪው ሠራተኛ ጋር ሲጣላ ነበር።»

እመልስልሻለሁ። ዞር ስትዪ ግን ለአትክልተኛው፣ «ይህች ሴት የሰው ጉዳይ ካልሰማች ሻይ አይወርድላትም» እለዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት አምቼሻለሁ። አትክልተኛው ምስክሬ ነው። አንገትህን አትድፋ፤ አንተም ብለሃል።

ይባስ ብሎ አንድ ዓመት ከውጭ የመጡ ተቆጣጣሪዎች «በንጽሕና ለተያዘ የበር መዝገብ» ብለው የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በመስታወት አስገብቼ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጠርቼሽ ምን አልኩሽ? «እህቴ፣ ፎርም ከምታበዢ መዝገብ አያያዝ ከኔ ተማሪ።» አንቺም «እሺ ጋሼ፣ እማራለሁ» አልሽኝ። ሳትስቂ!

ማክሰኞ ቢሮሽን ስታስረክቢ፣ ቁም ሣጥኑን ወደ መጋዘን አውጣ ተባልኩ። ከበደኝ። ላቅልለው ብዬ ከፈትኩት። የኔ መዝገቦች ተደርድረዋል። ከየአንዳንዱ ጎን ሌላ መዝገብ አለ፤ በአንቺ የእጅ ጽሕፈት፣ ስም ከነአባት፣ ሰዓት፣ የክፍል ቁጥር። ጃንጥላዬ ስም አላት። ዶሮዬ ስም ከነአባት ሆኗል።

ከሥር አንድ ደብዳቤ ነበር። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የነበሩት ዲን የጻፉት ነው። «መጻፍ የማይችለው የበር ጥበቃ እስከ ወሩ መጨረሻ በሌላ ይተካ።» ማንን ማለታቸው ነው ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ከኔ ሌላ የበር ጥበቃ የለም። ከግርጌው ያንቺ እጅ፦ «መዝገቡ በየቀኑ በንጽሕና ተጽፎ ይቀርባል። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ወሬ አልነበረም! ለካ የኔን ፊደል እየተማርሽ ነበር! የተሸለምኩትም በሰው ጽሕፈት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ምስጋና አይደለም፤ ንዴት ነው። ማን ለመናት? አልኩ። አፍሼ ልጥላቸው ስነሣ አንዱ ከእጄ አመለጠና መሬት ላይ ተከፈተ።

ባለቤቴ ያረፈችበት ወር ነው። ያኔ ሦስት ሳምንት ቤት ተቀምጬ ነበር። በሩን ማን እንደያዘው ጠይቄም አላውቅ። መዝገቤ ግን አልተቋረጠም። ጃንጥላው አለ፤ መነጽሩ አለ፤ ዶሮው አለ። ግን እኔ አልሣልኳቸውም! የኔ ጃንጥላ እጀታው ቀጥ ያለ ነው፤ ይሄኛው ቆልመም ብሏል። የኔ ዶሮ አንድ እግር ነው ያለው፣ ጊዜ የለኝማ፤ ይሄኛው ሁለት እግርና ጭራ አለው። በየገጹ አናት ላይ ደግሞ ባዶ ወንበር ተሥሏል። «ወጣ» የሚለው ላይ የሄድኩበት ቀን ተጽፏል፤ «ተመለሰ» የሚለው ባዶ ነው።

ለዲኑ ቢሆን በስም ትጽፊው ነበር፤ ለአንቺ ስም ይቀልልሻል። ይህን የጻፍሽው ለኔ ነው። ስመለስ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደገባ እኔው እንዳነበው። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ሦስት ሳምንት የኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ በኔ ፊደል ጻፈችልኝ።

እኔስ ስመለስ ምን አደረግሁ? መዝገቡን ስትዘረጊልኝ ሳልገልጠው ገፋሁት። «ያለፈውን አላይም፤ አዲስ ስጪኝ» አልኩሽ። አንቺም «እሺ ጋሼ፤ አዲስ እንዲሰጥዎ ፎርም ይሙሉ» አልሽ። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ማክሰኞ አነበብኩት። እስካሁን ከድንጋጤው አልወጣሁም።

ትናንት ይህን ሁሉ ልናገር ነው ስል ልጄ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አባዬ፣ ምን ያስለፈልፍሃል? ማንም እኮ አያውቅም! ከሥራህ ትባረራለህ።» «እኔ አውቄያለሁ» አልኳት።

ክቡር ዲን፣ እርስዎ ለዚህ ቤት አዲስ ነዎት። ከሰኞ ጀምሮ መዝገቤን የሚገለብጥልኝ የለም። ያ ደብዳቤ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ከሌላ ከሚሰሙት ከኔ ይስሙ ብዬ ነው። አልለምንዎትም። ብቻ እጄ ከማክሰኞ ወዲህ መማር ጀምሯል፤ በቀን ስድስት ስም ደርሷል።

እህቴ፣ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ይኸው። ያንቺ ነው። አልቀበልም ካልሽ ፎርም ሙዪ።

እዚህ ጋ ወረቀቴ ላይ ፊደል የለም፤ ቦርሳ ሥያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገቤ ውስጥ አንቺ ቦርሳ ነበርሽ። ከቦርሳው ቀጥሎ ምን ልጽፍ እንደነበር አውቃለሁ፤ እጄ ግን እንቢ አለ። በአፌ ልበለው፦ አመሰግንሻለሁ። ክብሬን ሳትነኪ አኖርሽኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ሳልናገረው አመለጠችኝ። አንቺ እንዳታመልጪኝ ብዬ ነው የቆምኩት።

ዛሬ ጠዋት ሰልፉን አስቁሜ አንድ መስመር ጻፍኩ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። ቦርሳ አይደለም፤ ስምሽን ከነአባትሽ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። «ወጣች» የሚለው ላይ ሰዓቱን ስትወጪ እሞላዋለሁ። «ተመለሰች» የሚለው ባዶ ነው። ሕጌን ታውቂዋለሽ፤ ገጹ አይዘጋም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ጁስም ቢሆን ውኃም ቢሆን። እህቴ፣ ጤናሽን ይስጥሽ፤ እግርሽ እንደ ልብሽ ይታዘዝልሽ፤ የሚያስቁሽ እንጂ ፎርም የሚያስሞሉሽ አይግጠሙሽ። መታወቂያሽን ዛሬ ታስረክቢያለሽ ብለውኛል። ግድ የለም። በዚህ በር ያለ መታወቂያ የምትገቢ አንቺ ብቻ ነሽ።

ለጤናሽ!