ስለ ዝናቡ የጨመርኩት መስመር

ስም፦ ሲዩቲቲ ማፊሌኦ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ቶንጋ፣ ቫቫኡ ደሴት
ሥራ፦ የዛፍ ቅርፊት ቀጥቅጦ ጨርቅ መሥራት
ቀን፦ ረቡዕ ኤፕሪል 3 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ኢሲሌሊ ፋካታቫ

ከሥራ ባልደረባዬ ከቫይሞአና ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ግንድ ላይ ቅርፊት ስንቀጠቅጥ ኖረናል። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ ሄሌይና ለልጇ ሠርግ የሚነጠፍ ጨርቅ ልታዝ ወደ መቀጥቀጫ ቤታችን መጣች። ማርች 14 ቀን እንድናስረክብ ተስማማን። ቫይሞአና «ዝናብ ከጣለ ግን አይደርቅም፣ ቀኑ ይገፋል» ስትላት ሄሌይና ስቃ «ዝናቡን ደግሞ እኔ ላዝዘው እንዴ? ይገፋላ!» አለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጽሕፈትሽ ያምራል ስለሚሉኝ ውሉን በሁለት ቅጂ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቫይሞአናና ሄሌይና ፈርመው አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። የዝናቡን ነገር ግን አልጻፍኩም። ወሬ ይዤ ነበር፤ ደግሞም ሁላችን የሰማነውን ምን ያስጽፈዋል ብዬ ነው።

ከማርች 3 ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ዘነበ፤ ጨርቁ ሻገተ። ማርች 16 ቀን ሙሽሮቹ በአማቶች ፊት በተውሶ ጨርቅ ላይ ተቀመጡ። ሄሌይና ለደረሰባት ውርደት ከቫይሞአና ማሳ የሚገኘው የሁለት ዓመት ቅርፊት ካሣ ይሁነኝ ብላ ከሰሰች። ቫይሞአና ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ውርደት በካሣ ይተመን አይተመን፣ በአፍ የተባለ ከተጻፈው እኩል ይቆጠር አይቆጠር፣ ያማከርናቸው ጠበቃም ቁርጡን አልነገሩንም። «ዳኞችም አልተስማሙበትም፤ ምነው ወረቀቱ ላይ በኖረ» ብቻ አሉ።

ጠበቃውን ባማከርንበት ቀን፣ ማርች 22፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ውሉን ከቫይሞአና ሣጥን አውጥቼ ከፊርማዎቹ በላይ «ዝናብ ቢጥል ቀኑ ይገፋል» ብዬ ጨመርኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። እሷ አምናኝ ለፍርድ ቤት አቀረበችው። የሄሌይና ቅጂ ላይ መስመሩ የለም።

ሰኞ ፖሊስ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሻል ብሎ ሲወስዳት ዞር ብላ «አንቺ ሲዩቲቲ፣ መስመሩ መጀመሪያም እንደነበረ ንገሪያቸው እንጂ፣ አፍሽን ምን ይዘጋዋል?» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ ምግብም በላሁ፣ ተኛሁም። ይህን ስናገር የምገባበት ጠፋኝ። ሄሌይና በእርግጥ ይገፋላ ብላለች፤ አሁን ግን በእኔ ብዕር የተነሳ ይህን የሚያምነን የለም።

ሳጅኑ ቫይሞአናን ከጎን ካለው ክፍል አስጠርቶ እስከዚህ የሰጠሁትን ቃል በፊቴ አነበበላት። እንድትፈታ እና ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲጻፍ ጠየቅሁ። ቫይሞአና «ቢያንስ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች።

ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት ቃል ይኸው ነው። ተነቦልኝ እውነት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሲዩቲቲ ማፊሌኦ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ኢሲሌሊ ፋካታቫ (ፊርማ)