ካዚኖ ውስጥ የበላነው ኑድል

ካዚኖ የገባሁት ሰው ምግብ ላበላ ነው ብል የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ አያምኑኝም። እዚህ አሜሪካ ሌክውድ ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት ቻይናዊት እናት አሉ፤ ሚስስ ሊን እንበላቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ከሰውነት ተራ ወጥተው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት "ምን ልሥራልዎት?" ስላቸው፣ "ካዚኖ ውሰጂኝ፤ እዚያ ያለው ኑድል አምሮኛል" አሉኝ። እኔ ደግሞ ያማራቸው ቁማሩ መስሎኝ ልጃቸው ጋ ደወልኩ። "ትብላልኝ እንጂ የትም ውሰጃት" አለችኝ።

ካዚኖው ያለበትን ተራራ በመኪናዬ ወጥተን ፓርክ አደረግኩ። ሚስስ ሊን በሚያብረቀርቁት የቁማር ማሽኖች መሃል ግራ ቀኝ ሳያዩ አልፈው፣ ጥግ ላይ ያለችው የቻይና ኑድል ቤት ገቡ። ለሳቸው ብቻ አዘዝኩና የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ በሩን በሩን አያለሁ። ፓስታ የመሰለው ኑድል ከነመረቁ መጣ፤ አልነኩትም።

"ምነው፣ አይበሉም እንዴ?" አልኳቸው።

"ባሌ እዚያ ሲጫወት እኔ ሁልጊዜ እዚህ ብቻዬን ነበር የምበላው" አሉኝ ወደ ማሽኖቹ እያዩ። "ዛሬም ብቻዬን ልብላ?"

በጣም አፈርኩ። ወንበሬን ወደሳቸው አዞርኩና ለራሴም አዘዝኩ። በኑድል መብያዎቹ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ፈንታ ሹካ ስጠይቅ ሳቁብኝ፤ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። ስለ ባላቸው እያወሩልኝ ኑድሉን ጨረሱ፤ መረቁንም ጎድጓዳ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡት።

በሳምንቱ ሰኞ ቤታቸው ስደርስ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ እየጠበቁኝ ነበር።