ወደ ነገ የተዛወረው ሥራ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በመሥሪያ ቤታቸው «ጋሼ ሰዓት» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት የተወለዱ ሲሆን፣ እናታቸው ሲያጫውቱን እንደነበረው ከቀናቸው ሦስት ሳምንት ቀድመው ነው የመጡት።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በመዝገብ ቤት ከተቀጠሩ በኋላ፣ በኃላፊነት ጭምር ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ ሳይወስዱ፣ ፈቃድ የጠየቀውን ሁሉ በጎሪጥ እያዩ፣ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሰው ወንበር ምን ያህል እንደቀዘቀዘ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ሌላው የቆጠረውን ፋይል ደግመው እየቆጠሩ፣ ራሳቸውንም ባለማመን ከምሳ በኋላ እንደገና እየቆጠሩ ኖረዋል። መዝገብ ቤቱ በዚህ ሁሉ ትጋት ከሌሎች ክፍሎች ኋላ መቅረቱን ብንደብቅ ሟች ራሳቸው አይምሩንም። የዕለቱን ሥራ በደብተር መዘርዘር ብቻውን እስከ ረፋድ ያቆያቸው ነበር፤ ያልተሠራውም ወደ ነገ ይዛወራል።

በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ከሚታወቁት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ግን፣ ሰው እንዴት ለወረቀት ብሎ እሑድን ከቤቱ ይጠፋል፣ ሌላ ሴት ሳትኖር አትቀርም እያሉ የኮታቸውን ኪስ ሲፈትሹ ኖረው፣ ያገኙት የእርሳስ መቅረጫ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ልባቸውን ታመው ሐኪም ከአልጋ እንዳይነሱ ቢያዛቸው፣ ምክትላቸው ወንበራቸውን ፈልጎ ሐኪሙን ሳያናግር አልቀረም ብለው ጠረጠሩ። ደብተራቸውንም አስመጥተው ባለቤታቸው በገቡ ቁጥር ትራስ ሥር ስለሚሸሽጉት፣ የቤቱ ጥርጣሬ ባሰ። ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ።

ባለቤታቸው በማግስቱ ደብተሩን የገለጡት የዚያችን ሴት ስም ፍለጋ ነበር። በየገጹ ግርጌ ያገኙት ግን «ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት፤ ወደ ነገ ተዛውሯል» የሚል መስመር ነው። የቀደሙትን ደብተሮች ቢያወርዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያው ነው። በሰኞው ገጽ ላይ ግን ከዚህ መስመር በቀር ሌላ ሥራ አልተጻፈም፤ በጎኑም ራይት ተደርጎበታል። በዚያ ሰኞ ከሰዓት ባልና ሚስት ያወሩት ሲጥ ሲጥ ስለሚለው መስኮት ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ጨዋታ ብለው አልቆጠሩትም።

ወንድማችን ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ ሐኪሙን ፈጽሞ እንዳላናገሩ እንድንነግርላቸው የለመኑንን ምክትላቸውን፣ እንዲሁም ያንን ደብተር ታቅፈው ከፊት የተቀመጡትን ባለቤታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እሳቸውም የተሰጣቸውን ዕረፍት ሳይጠራጠሩ ይቀበሉ። ባለቤታቸው መስኮቱ እንዳይጠገን አዘዋል።