አራቱም በአንድ መኪና መጡ

በእኛ ጊዜ፣ ምን ያስቃችኋል፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ እናንተ አምስተኛ፣ ለእናንተ አሮጊት ነኝ፣ ታዲያ በእኛ ጊዜ ይሄ የሴቶች ክበብ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢኖርም አልገባም ነበር። ስሜ ሲጠራ እንኳን አቤት የምለው በሹክሹክታ ነበር።

ከዋሂል፣ ከገጠር፣ አክስቴ ናት ያመጣችኝ፣ አስተምራታለሁ ብላ ከእናቴ ወስዳ። እውነትም እዚህ ከተማ፣ ሳቢያን ሰፈር አምጥታ ትምህርት ቤት አስገባችኝ፣ እና ባሏ ይገርፈኝ ነበር። በኤሌክትሪክ ገመድ። ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ፣ በር ቶሎ አልከፈትሽም ብሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዲሁ። አክስቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትጨምራለች።

ታዲያ ቲቸር ሰላም ክንዴን አየችው፣ እና ነገርኳት። ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፣ ነርሷ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አለች፣ ነገርኳት፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ፖሊስ ጋ ሄድን፣ ሴት ናት፣ እሷም ከመጀመሪያው አለች፣ እጅጌ እንደገና። ከዚያ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው፣ ባለ መነጽሩ፣ እሱም ከመጀመሪያው። አቦ፣ ይሄ መጀመሪያ አያልቅም እንዴ? በተናገርኩ ቁጥር እንደገና የተገረፍኩ ነው የሚመስለኝ።

እሺ፣ ታዲያ ተሰብስበው በጋራ እንሥራ ተባባሉ። እና ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አራቱም በአንድ መኪና ተጭነው ቤታችን መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጥላ ስር ተቀምጦ እያየ። አክስቴ ለስላሳ ከፈተችላቸው። ባሏ ኧረ ተጫወቱ፣ ምን ይጨመር እያለ መሃላቸው ተቀመጠ። እና ባለ መነጽሩ እሱ ፊት፣ እሱ ፊት እኮ ነው የምላችሁ፣ "የኔ ልጅ፣ ማነው የመታሽ?" አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "ወድቄ ነው" አልኩ።

ጻፈው። ለስላሳቸውን ጨርሰው ሄዱ። ባልየው በሩን ዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም።

በማግስቱ ቲቸር ሰላም ለምን ዋሸሽ አለችኝ። እኔ ዋሸሁ! ታዲያ ያኔ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ድምፄ ወጣ። "አራት ሆናችሁ መጣችሁ፣ አራታችሁም ሄዳችሁ። እኔ ከማን ጋ ቀረሁ? የት እንደማድር አንዳችሁ ጠይቃችሁኛል?"

ከዚያ ስልኳን አነሳችና ሁሉንም እዚሁ አሁን የተቀመጥንበት ላይብረሪ ጠራቻቸው። ፖሊሷ ዩኒፎርም የለ ምን የለ፣ ሻርፕ አድርጋ መጣች፣ አጠገቤ ተቀምጣ "ሂን ሶዳቲን" አለችኝ፣ አትፍሪ፣ በእናቴ ቋንቋ። እኔ ግን መጀመሪያ ማደሪያዬን ንገሩኝ አልኩ፣ ወላሂ። ባለ መነጽሩ ሂደት አለው ምናምን ሲል ፖሊሷ፣ "ሂደቱን አንተ ጨርስ፣ ልጅቷ እዚያ ቤት አትመለስም" አለችው። ታዲያ ተናገርኩ። እሷ ጠየቀች፣ ሌሎቹ አዳመጡ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በዚያው ቀን የሴት ልጆች መጠለያ አስገቡኝ፣ ባልየውም ተያዘ፣ በኋላ እናቴም መጥታ እዚሁ ከተማ ቤት ተከራየች፣ አሁን ከእሷ ጋ ነኝ።

ጀግና አትበሉኝ። አሁንም በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሁሉም ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ እና ባልጮህ ኖሮ ያ ወድቄ ነው ያልኩት ተጽፎ ይቀር ነበር። መጮህ የማትችለዋስ ልጅ?

ምን አልሽ አንቺ፣ ከኋላ? ቲቸር ሰላም አሁን አለች ወይ? አለች። ቦርሳሽን ያዢ፣ ቢሮዋ አብሬሽ እገባለሁ።