የሃልቨርሰኖች ወንበር

የበቆሎው አዝመራ ተሰብስቦ፣ ሜዳው ሁሉ እንደ ተላጨ ራስ በገረጣበት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የበር ማጠፊያ ልገዛ ወደ ሎይድ መደብር ገባሁ። ሐሳቤ እንደ ልማዴ ቶሎ ገዝቼ፣ ከማንም ሳልነጋገር ልወጣ ነበር። ግን ጋሽ ኦርቪል ቴስዳል ባንኮኒውን ተደግፈው፣ በመዳፋቸው ላይ ትንንሽ የናስ ብሎኖች እያገላበጡ አገኘኋቸው።

ጋሽ ኦርቪል ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የቬስትቢ ከተማችን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ደወሉን የሚደውሉ፣ ማሞቂያውን የሚለኩሱ፣ ከደጁ በረዶ የሚጠርጉ እሳቸው ናቸው። በልጅነቴ ሁለት መቶ ሰው ይቀመጥበት በነበረው ቤት ዛሬ የቀረነው ዘጠኝ ነን። በማግስቱ እሑድ፣ ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ድምፅ ልንሰጥ ቀጠሮ ነበረን።

«ብሎኑ ለምንድን ነው?» አለ ሎይድ።

«የሃልቨርሰኖች ስም ወልቆ ወደቀ። ነገ ሰው ሲሰበሰብ ባዶውን ሊታይ አይገባም።»

«የትኞቹ ሃልቨርሰኖች? ሽማግሌዎቹ መቃብር ውስጥ፣ ልጆቹ አሪዞና ፀሐይ ላይ! በል ብሎኑን በፖስታ ላክላቸው።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በየአግዳሚው ወንበር ጫፍ የቤተሰብ ስም የተቀረጸበት ናስ አለ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ሰዉ ቢያልቅም ቦታው አልተነካም። ዘጠኛችንም በየአያቶቻችን ወንበር ተበታትነን፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ማጨጃው እንደ ዘለለው የበቆሎ አገዳ ለየብቻችን ቆመን እንዘምራለን።

ይህን ጊዜ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ መካከል ዴና ዊትሎክ ብቅ አለች። ከሦስት ዓመት በፊት ከትልቅ ከተማ የመጣች፣ የሁለተኛ ደረጃው የሳይንስ መምህርት ናት። ጋሽ ኦርቪል ሰላምታዋን ከተቀበሉ በኋላ አላስቻላቸውም።

«መምህርት፣ እሑድ ጠዋት ልጆቹን በረዶ ላይ በሆኪ ጨዋታ የምታሯሯጧቸው እናንተ ናችሁ አሉ።»

«እኔስ ስለ እንቁራሪት ነው የማስተምረው፣ ሚስተር ቴስዳል።»

«ድሮ ረቡዕ ማታ ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የቤት ሥራ እንኳ አይሰጥም ነበር። ጸሎቱን ከትምህርት ቤት አወጣችሁ፣ ረቡዕን ወሰዳችሁ፣ እሑድን ወሰዳችሁ። የቀረን ዐርብ ማታ ነው፤ እሱም የኳስ ነው።»

«ዐርብማ ድሮም የእናንተ አልነበረም» አለ ሎይድ።

ዴና አልተቆጣችም። «በክፍሌ የሉተራኑም፣ የካቶሊኩም፣ የምንም ያልሆነውም ልጅ አለ። ለሁሉም አንድ ጸሎት ላዝዝ አልችልም፤ አይገባኝምም። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከገዛ ልጅዎ ማዕድ ላይ ጸሎቱን ማን አወጣው?»

ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ያሉትን ብሎኖች ተመለከቱ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «አምና በምስጋና በዓል ልጄ ቤት እጄን አጣጥፌ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የልጅ ልጆቼ የሳህናቸውን ግማሽ ጨርሰዋል። ትንሿ ‹አያቴ፣ አመመህ እንዴ?› አለችኝ» አሉ።

ሎይድ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ምን አሏት?» አለች ዴና።

«ምን እላታለሁ? ‹ደህና ነኝ፣ ብዪ› አልኳት።»

«‹ስለ አንቺ እያመሰገንኩ ነው› ቢሏትስ?»

«እኛ እንዲህ ያለ ነገር በአፋችን አንናገርም» አሉ፣ ጆሯቸው ቀላ። «ለመሆኑ አንቺስ? ሦስት ዓመት ሙሉ ደወሉን እየሰማሽ አንድ ቀን እግርሽ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም!»

ዴና የያዘችውን ቆርቆሮ አስቀመጠች። «ረግጧል። አንድ ቀን። አባቴ በሞተ በሳምንቱ፣ በየካቲት። ምን እንደማምን አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ሰው ባለበት መቀመጥ ብቻ ነበር የፈለግሁት። በግራ በኩል አራተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው መጣና ጎንበስ ብሎ፣ በብዙ ትሕትና፣ ‹ይቅርታ እመቤቴ፣ ይህ የሃልቨርሰኖች ቦታ ነው› አለኝ። ሊመጡ ነው ብዬ ተነሣሁ። ግድግዳ ጥግ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መዝሙሩ አለቀ፣ ስብከቱ አለቀ፣ ሃልቨርሰኖች አልመጡም። እኔም ወጣሁ።»

ያን እሑድ እኔም ነበርኩ። ከሰገነቱ በታች፣ በመጨረሻው ወንበር ብቻዬን ተቀምጬ፣ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አይቻለሁ። «እዚህ ጋ ቦታ አለ» ማለት ምን ያህል ያደክማል? እኔ ግን በመስኮቱ በረዶውን እያየሁ በሐሳብ ሌላ አገር ነበርኩ።

«ያ ሰው እኔ ነበርኩ?» አሉ ጋሽ ኦርቪል።

«እርስዎ ነበሩ።»

«አላስታውሰውም እኮ።» ድምፃቸው ወረደ። «እንግዲህ ስንቱን እንዲህ ብዬዋለሁ?»

«እሱን አላውቅም። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። መኪናዬ በረዶ ውስጥ ስትቀበር በአካፋ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። መንገድ ላይ የደረሱልኝ ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስቀመጥ አስነሡኝ።»

«ግን እነዚህ ሰዎች ጣሪያውን የሠሩ ናቸው፣ ልጄ። ስማቸውን ብናነሣ ማን ያስባቸዋል?»

«ጣሪያ የሚሠራው ሰው እንዲጠለልበት አይደለም? የተጠለለ ሁሉ ያስባቸዋል።»

«ቦታውን ብንለቅስ ቤቱ ይሞላል?»

«አልዋሽዎትም፤ አይሞላም። ልጆቹ ከሆኪው አይመለሱም። እኔም በየእሑዱ እመጣለሁ አልልም። ግን ሐዘን የያዘው ሰው ሲመጣ ተቀምጦ ያለቅሳል።»

ጋሽ ኦርቪል ብሎኖቹን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ መለሱ። «ሎይድ፣ ካቻቪቴ ስጠኝ። የኔው ጫፉ ተበልቷል።»

«ለመግጠም ነው ለመንቀል?»

«አንተ ካቻቪቴውን ስጠኝ።»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ስሞቹ ሁሉ ተነቅለዋል። በየወንበሩ ጫፍ ከሌላው እንጨት የነጣ አራት ማዕዘን ምልክት ቀርቷል። ናሶቹን በአንድ ረጅም ሳንቃ ላይ በሰልፍ መትተው፣ ከበሩ በላይ ሰቅለዋቸዋል። ሽማግሌው ሌሊት አልተኙም መሰለኝ፤ ዐይናቸው ደፍርሷል።

«ሁላችሁም ማሞቂያው አጠገብ ኑ» አሉ።

ዘጠና ዓመት የሞላቸው ወይዘሮ ኤልቬራ ንቅንቅ አላሉም። «እኔ ስልሳ ዓመት እዚህ ነው የተቀመጥኩት!»

«እኔም ስልሳ ዓመት ሙሉ ማጅራትሽን ነው ያየሁት። እስቲ ዛሬ ፊትሽን ልየው።»

«አሁን ነው ትዝ ያለህ? ጥርሴ ካለቀ ወዲያ?» አሉ፤ ግን ዱላቸውን ይዘው መጡ።

ድምፅ ሰጠን። ሰባት ለሁለት፣ ቤቱ እንዲቆይ፤ ሐሙስ ሐሙስም በምድር ቤቱ ሾርባ እንዲቀቀል፣ የሚመጣውም ምን እንደሚያምን እንዳይጠየቅ ተስማማን። እጃቸውን መጀመሪያ ያወጡት ጋሽ ኦርቪል ናቸው።

ያ ቀን አገሩን አልለወጠም። ሆኪው እሑድ ጠዋት እንደሆነ አለ። ደወሉም አብዛኛውን ጊዜ ለባዶ ማሳ ይደወላል፤ እኛም ደክሞናል። ግን በጥር አንድ ሐሙስ ወይዘሮ ኤልቬራ ለሾርባው ቀሩ። መቅረታቸውን መጀመሪያ ያስተዋለችው ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምራ ሾርባ የምትቀዳው ዴና ነበረች። አብረን ቤታቸው ብንሄድ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው፣ በሕይወት አገኘናቸው። እንደ ድሮው እሑድን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ የምንደውለው የቀብር ደወል ነበር። ዴና አሁንም ምን እንደምታምን አውቃለሁ አትልም፤ ሐሙስ ግን ቀርታ አታውቅም። የጋሽ ኦርቪል ትንሿ የልጅ ልጅም ምን ብለው እንደሚያመሰግኑ ጠይቃቸው ነገሯት። ሲነግሩኝ ጆሯቸው እንደገና ቀላ።

አንባቢ ሆይ፣ ‹ሃይማኖት ከአደባባይ ወጣ› ብሎ ማዘን ይቻላል። ግን አስቀድሞ ከራሳችን ወንበር ማንን እንዳስነሣን መጠየቅ ይገባል። እኔም አፌን ከፍቼ ባለመናገሬ ዴናን ካስነሡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

በመጋቢት፣ ብርዱ ገና ሳይሰበር፣ አንድ የማናውቀው ሰው በስብከት መካከል ገባ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ዐይኑ አብጧል። የማን ቦታ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ይመስል የወንበሮቹን ጫፍ አየ። በዚህ ጊዜ መስኮቱን አላየሁም፤ ልነሣ ስል ግን ጋሽ ኦርቪል ቀደሙኝ። ከማሞቂያው አጠገብ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በመዳፋቸው ወንበሩን መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ጋ ና» አሉት። «አሙቄልሃለሁ።»