በሩ ብቻ የቀረ ቤት

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ካራይኩዲ ከተማ በሙቀት ደንዝዛ ሸማቹንም ሻጩንም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰዓት። የቤት ዋጋ ገማቹ ሶላያፓን በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሰፈር ሲያልፉ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ግዙፍ በር አዩና እዚያው ቀሩ። በሩን ያውቁታል። ገፋ ቢያደርጉት ከኋላው ያ ጣሪያ የሌለው ሰፊ ግቢ፣ ዝናብ መሀል ለመሀል የሚወርድበት ግቢ የሚጠብቃቸው መሰላቸው። ገፉት። ከኋላው የነበረው የሻጩ ግድግዳ ነው።

«ፔሪያፓ፣ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ሜይያማይ ናት፣ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ። ማዱራይ ተምራ የመጣች፣ ለሱቆች ድረ ገጽ እየሠራች የምትኖር ልጅ ናት፤ የአባቷ ታላቅ ስለሆኑ ፔሪያፓ ትላቸዋለች።

«ይሄ በር የነበረበትን ቤት በወጣትነቴ ገምቼዋለሁ» አሉ በሩን እየዳሰሱ። «ወራሾቹ ማሌዢያና ሲንጋፖር ተበታትነው ሲያበቁ ከሩቅ ከተማ ገማች አመጡ። ሰውየው መሬቱን ብቻ ቆጠረ። ቤቱንማ የሚነሳ ፍርስራሽ ነው ብሎ ከዋጋው ላይ ቀነሰው። አፈረሱት።»

«ለምን እርስዎን አልጠሩም?»

«መኖሬን ከየት ያውቃሉ?»

ሥራው ጠፍቷል፤ ቼናይ ያለው ልጃቸው «ይበቃዎታል፣ መጥተው ከእኛ ጋር ይኑሩ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሙያ ትተው የቢሯቸውን ሰሌዳ ሊያወርዱ ቆርጠዋል።

«እንግዲያው ጦማር እንክፈት» አለች ሜይያማይ። «ኢንተርኔት ላይ ስለ ሥራዎ እየጻፉ የሚያኖሩበት ገጽ ነው። እኔ እሠራልዎታለሁ።»

«ሂጂ ወዲያ፤ በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ልሽጥ? በእኛ ዘንድ ገማች የሚታወቀው በሠርግ ነው። ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል፣ እንደ ሳህን የሙዝ ቅጠል ይነጠፍለታል፣ እየበላ ስለ ቤቱ ያነሳል፣ አንዱ የእኔን ስም ይጠራል። አለቀ።»

«አሁንማ ሠርጉን እዚያው ሲንጋፖር ሆቴል ውስጥ ነው የሚደግሱት። እዚያ እርስዎን ማን ያነሳዎታል?»

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ጨዋ ባለሙያ ስለ ራሱ አለመናገርን እንደ ክብር ይቆጥራል፤ ዝምታው ቤት እያስፈረሰ መሆኑን ግን ልብ ያለው አልነበረም።

«የሰው ቤት እኮ ገመና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዋጋው አደባባይ ይወጣል?»

«ስምም ዋጋም አንጽፍም። ሰው የሚጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱ። እስቲ፣ ጥሩ ግድግዳ በምን ይታወቃል?»

ሶላያፓን ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሐሳብ በሩን አልፈው ገቡ።

«መዳፍሽን ታሳርፊበታለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «በኖራና በእንቁላል ነጭ የተለሰነ ከሆነ በዚህ ሙቀት እንኳ ይቀዘቅዝሻል። ልስላሴው የሕፃን ጉንጭ ነው። ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚለስን ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው በመሬቱ ዋጋ ላይ ይደመራል እንጂ አይቀነስም።»

ዓይናቸውን ሲከፍቱ ሜይያማይ ስልኳ ላይ እየጻፈች ነበር። «በቃ፣ ጦማር ማለት ይኸው ነው» አለቻቸው።

«ተይ እንጂ። ሙያዬን በነፃ ከበተንኩትማ ማን ይጠራኛል?»

«እኔ ሰማሁዎት አይደል? ታዲያ አሁን ሄጄ ቤት ልገምት?»

«አንቺማ ቤተ መንግሥቱን የዶሮ ቤት ታደርጊዋለሽ» ብለው ሳቁ።

«አዩ፣ ሰው የሚያነበው ገማች ልሁን ብሎ አይደለም። ማንን እንደሚያምን ለማወቅ ነው።»

«እሺ፣ ሰሌዳው እስኪወርድ ሞክሪው» አሉ።

ሰሌዳው ሳይወርድ ማሌዢያ ካለችው ፔናንግ አንዲት ሴት ጻፈች። «ስለ ግድግዳው ያሉትን አነበብኩ። ወንድሞቼ የአባታችንን ቤት ለአፍራሾች ሊሸጡት ነው። እባክዎን የእኛንም ይዳስሱልን።» ሶላያፓን ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉ። ቀዘቀዛቸው። ግምቱ ሲደርሳቸው ወንድሞቿ አፍራሹ ምን ያህል ሊያታልላቸው እንደነበር ገባቸው፤ ድርሻቸውንም ለእህታቸው ሸጡላት። እሷን ተከትለው ሌሎችም ጻፉ። እንግዲህ አንድ ሰው የሚያውቀውን ሳይደብቅ በመጻፉ ባለሙያው እንጀራውን አገኘ፣ ወራሹ አውቆ ወሰነ፣ ቤቱም ቆሞ ቀረ።

ዝናቡ ሲገባ ሶላያፓን ከሜይያማይ ጋር በዚያ ባልፈረሰው ቤት በረንዳ ላይ ቆመው፣ ውሃው መሀል ግቢው ላይ ሲወርድ ብዙ ሰዓት አዩት።

«ስለዚያ በርም ጻፊ» አሉ።

«ቤቱ እኮ የለም፣ ፔሪያፓ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ከኋላው ዝናብ ይወርድ ነበር በይ።»